የወረሱትን ስለ መሻር

ለመሆኑ ልጅ የአባቱን ሥራ መሻር መብቱ ነው ወይስ ነውሩ? ጥያቄው የቆየ ነው፤ በየቤታችን በራት ሰዓት ተነሥቶ በኩርፊያ የሚዘጋ፣ በየመኝታ ክፍላችን ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያነታርክ የሚያመሽ ነው። እኛ አራት ጓደኛሞች ግን ጥያቄውን ያገኘነው ከፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም። ከኮምፒዩተር ላብራቶሪ ተነሥቶ ተከተለን፤ ሐብሩ ወረዳ ግራና ድረስ ሄዶም በአንዲት እናት የሽንኩርት መደብ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ዛሬ በዚህች መጽሔት የምናወራው ስለዚያ ነው።

የኮምፒዩተር ተማሪ ያልሆነው ወገን እንዳይሰለች ነገሩን በቤት ቋንቋ እናስረዳ። በጃቫም ሆነ በፓይተን ፕሮግራም ሲጻፍ ነገሮች በየዓይነታቸው ይመደባሉ። ምድቡ ክላስ ይባላል፤ ክላሱ የሚያውቀው ሥራ ደግሞ ሜተድ። አዲስ ክላስ ስትጽፍ ከባዶ መነሣት ግዴታህ አይደለም። «ይህ የእገሌ ልጅ ነው» ብለህ ታስመዘግበዋለህ፤ ያን ጊዜ አባቱ የሚያውቀውን ሥራ ሁሉ ያለ ድካም ይወርሳል። ርስት በለው። ልዩነቱ፣ እዚህ ወራሽ ቢበዛ ርስቱ አይቆራረስም፣ ወንድምና ወንድምም ፍርድ ቤት አይካሰሱም። ልጁ ከወረሳቸው ሥራዎች አንዱ ካልተስማማው ደግሞ በዚያው ስም፣ በዚያው አጠራር፣ የገዛ ራሱን አሠራር ይጽፍበታል። ከዚያ ወዲያ ያንን ልጅ በዚያ ስም የጠራው ሁሉ የሚያገኘው የአባቱን ሥራ ሳይሆን የልጁን ነው። ይኸን ነው ፈረንጆቹ «ኦቨርራይድ» የሚሉት። እኛ መሻር እንበለው። ሕግ ይሻራል፣ ሹም ይሻራል፣ ቃልም ይሻራል። አማርኛ ደግሞ ተንኮለኛ ነውና ቁስል ሲድንም «ሻረ» ይላል፤ የትኛው መሻር የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ ወዲያው አይለይም።

ጥሩ መሻር ምን እንደሚመስል ከራሳችን ቤት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አይሲዩ የሚባል፣ ብዙ ፕሮግራሞች ቋንቋንና ቀንን ለማስተናገድ የሚገለገሉበት የፕሮግራም ግምጃ ቤት አለ። በጃቫ በተጻፈው ክፍሉ ውስጥ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ራሱን የቻለ ክላስ ነው፤ የግብጽ ኮፕቶችም አቆጣጠር እንዲሁ። ሁለቱ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አባትየው የጋራቸውን ይዟል፤ ይኸውም ዓመቱ 13 ወር መሆኑን፣ 12ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን መሆናቸውን፣ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን መሆኗን። አንድ ነገር ግን ሳይናገር ትቶላቸዋል፤ ዘመኑ የሚቆጠረው ከየት ተነሥቶ ነው? ለዚህ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ይመልሳል። ኮፕቱ ከ284 እ.ኤ.አ. ከዘመነ ሰማዕታት ይነሣል፤ የኛው ከዓመተ ምሕረት። በመካከላቸው 276 ዓመት አለ፤ በቀን ሲመነዘር 100,809 ቀን። የሁለት አገር ሕዝብ ዓመቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ከፍሎ ሲያበቃ ልዩነቱ በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ ሲቆም ማየት ያስደስታል፣ እኛንም አስደስቶን ነበር።

ከአባትየው በላይ ደግሞ አያት አለ፤ ስሙ «ካሌንደር» ነው። ይህ አያት የፈረንጆቹ ዓመት በ12 ወር የሚያልቅ ሆኖ ሳለ ለ13ኛ ወር ስም አስቀምጧል፤ «አንዴሲምበር» ይለዋል፣ በላቲን 11 ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። አያትየው ዓመት 12 ወር ነው ብሎ ለማንም ቃል አልገባም ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ፕሮግራመኛ የዓመቱን ሒሳብ ለ12 አካፍሎ ጳጉሜ ላይ የተከፈለ ገንዘብ ቢጠፋበት በማን ይፈርዳል? በልጁ አይፈርድም፣ በአባቱም አይፈርድም። ያልተሰጠውን ቃል እንደተሰጠው ቆጥሮ የሄደው ራሱ ነው። ይህችን ነገር አንባቢ ያዝልን፤ የኛ ጥፋት ከዚህኛው ፕሮግራመኛ ጥፋት የተለየ መሆኑ ኋላ ይታያል።

ዐምና በኦብጀክት ኦሪየንትድ ትምህርት የቡድን ሥራ ታዘዝን። ሌሎች ቡድኖች ባንክ ጻፉ፣ ቤተ መጻሕፍት ጻፉ፤ ያው እንደተለመደው። ከኛ አንዱ የግራና ልጅ ስለሆነ እኛ የመስኖ ውሃ ተራ እንጻፍ አልን። በቆቦ ግራና ሸለቆ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ክረምቱ በሐምሌና በነሐሴ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሽንኩርትም ሆነ ፍራፍሬ ሕይወቱ የቦይ ውሃ ነው። ጓደኛችን የሚያውቀው ቦይ 18 ቤተሰብ ያጠጣል። አንዱ ቀን፣ አንዱ ሌሊት እየተፈራረቁ ዙሩ በ9 ቀን ያልቃል። ዙሩን የሚያስተዳድሩት የውሃ አባት ናቸው። ሥራውን ከአባታቸው ነው የተረከቡት፤ ወረቀት የላቸውም፣ 18ቱን ከነማሳቸው፣ ከነጠባያቸውና ከነዕዳቸው በራሳቸው ውስጥ ይዘዋል።

እኛ «ተራ» የሚል ክላስ ጻፍን። ከሥራዎቹ ዋናው «ቀጣይ» ይባላል፤ ስትጠራው ውሃው አሁን የማን እንደሆነ ይነግርሃል። ያልጻፍነው፣ ግን የገባነው ቃል አለው፤ በአንድ ዙር ውስጥ የተመዘገበ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፤ ማንም አይዘለልም፣ ማንም አይደገምም። ይህ ቃል የኛ ፈጠራ አይደለም፤ የውሃ አባት አባት ቃል ነው። እስከዚህ ድረስ ደግ ሠራን።

ከዚያ ግን ጎበዝ መሆን አማረን። ከ18ቱ ማሳ አራቱ በበጋው «ባዶ» ተብለው ተመዝግበው ነበር። ታዲያ ለባዶ ማሳ ውሃ መስጠት ምን ይባላል? ብክነት አይደለም ወይ? «የበጋተራ» የሚል ልጅ ክላስ ጻፍንና «ቀጣይ» የሚለውን የአባቱን ሥራ ሻርነው። አዲሱ አሠራር ባዶ ማሳ ሲያጋጥመው ዘሎት ያልፋል። ዙሩ ከ9 ቀን ወደ 7 ወረደ። መምህራችን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥሩ ውጤት ሰጡን። ኮምፓይለሩም ቅር አላለውም። በጃቫ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚሻረው ሥራ በላይ «ይህ መሻር ነው» የሚል ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ እኛም አድርገናል። ኮምፓይለሩ ያን ምልክት ሲያይ የሚመረምረው በአባቱ ዘንድ እንዲህ ያለ ስምና አጠራር ያለው ሥራ መኖሩን ነው። አለ። በቃ፣ አለፈ። አባትየው ምን ቃል ገብቶ እንደነበር ግን አይጠይቅም። መኪናው ፊደል ያርማል እንጂ ሕሊና አይመረምርም።

ወረቀቱን አትመን ለጓደኛችን ሰጠነው፤ ይዞት አገሩ ገባ። በራሱ ላይ «የውሃ ተራ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። የውሃ አባት ተቀበሉት፣ አገላበጡት፣ «አብሽር፣ ለሙከራ ይሁን፤ እኔም እያለሁ ነው» አሉ። ነገር ግን አልነበሩም። ዓይናቸውን ለመታከም ደሴ ሄደው ሁለት ሳምንት ቆዩ። በቦታቸው የቀረው ወጣት ረዳታቸው ወረቀቱን ተከተለ። ለምን አይከተል? ስሙ የውሃ ተራ ነው፤ ያደገበት፣ ማንንም ዘሎ የማያውቅ ነገር ነው። እሱ ያመነው እኛን አይደለም። የአባቶቹን ስም ነው ያመነው፤ እኛ ግን በዚያ ስም ውስጥ ሌላ ሥራ አስገብተን ነበር።

«ባዶ» ከተባሉት አራቱ አንዱ የአንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ማሳ ነው። ማሳው እውነትም ባዶ ነው፤ ሽንኩርቱ ገና አልተዛወረም። ጥጉ ላይ ግን ምንጣፍ የሚያህል የችግኝ መደብ አለ። ተራቸው በደረሰ ቁጥር በላስቲክ የተለበጠች ጉድጓድ ይሞላሉ፣ ከዚያች እየቀዱ በየማለዳው መደቡን ያርከፈክፋሉ። በመዝገባችን ውስጥ ለማሳ እንጂ ለመደብ ቦታ አልነበረውም። ሁለት ዙር ዘለልናቸው። የውሃ አባት ሲመለሱ ጉድጓዷ ውሃ ካየች 16 ቀን ሆኗት ነበር፤ ችግኙ እንደ ጭድ ሆኗል።

እኛ ጉዳዩን ሰምተን በቅዳሜ መኪና ሄድን። እማማ አልጮኹብንም፤ ቢጮኹብን ይሻለን ነበር። ቡና አፍልተው አስቀመጡንና እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ድሮም ይከፋኛል። ሲከፋኝ ግን የት ሄጄ እንደምናገር አውቅ ነበር፤ ሰውየው ቤት ሄጄ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። አሁን ለማን ልንገር? ለወረቀት?» ከኛ አንዱ ስለ ብክነት ሊያስረዳ ጀምሮ ነበር፤ ሌሎቻችን በእግር ጎሸም አድርገን አስቆምነው።

የውሃ አባት ደግሞ ጭራሹን ያላሰብነውን ነገሩን። «ባዶ ማሳ ውሃ ይጠጣል ያላችሁ ማን ነው?» አሉ። ማሳው ጦሙን ያደረ ሰው ተራውን ለወንድሙ ወይም ለጎረቤቱ ያበድራል። ብድሩ ይመለስለታል፤ በሌላ ዙር፣ ወይም በበሬ፣ ወይም በአጨዳ ቀን። እኛ ብክነት ብለን የዘለልነው ተራ በአራት ቤትና በአራት ቤት መካከል ያለ ብድር ነበር። ሁለቱን ቀን ከዙሩ ላይ ስናነሣ ያዳንነው ውሃ አልነበረም፤ ድኃ ሰው የሚያበድረውን ብቸኛ ነገር ነው የወሰድንበት።

በመመለሻው መኪና ላይ ክርክሩ ተነሣ፤ እስከ ዛሬም አላበቃም። አንደኛችን «ድሮስ የአባትን ሥራ መንካት አያስፈልግም ነበር» አለ። ይህ ለኛ አልተዋጠልንም። የወረስነውን ሁሉ እንደወረስነው ብንይዝ ኖሮ እዚህ ተቀምጠን ይህን የምንጽፍ አልነበርንም፤ ከመካከላችን ያለችው እህታችን በተለይ። ሌላው «ሕያው ለሙት ዕዳ የለበትም፤ እኛ የተሳሳትነው በመሻራችን ሳይሆን መረጃ በማጣታችን ነው፤ መደቡ ቢመዘገብ ኖሮ ችግር የለም» አለ። ይህም ግማሹ እውነት ነው፣ ግን ያመልጣል። መደቡን ብንመዘግብ ነገ ሌላ ያልመዘገብነው ይመጣል። ደግሞስ ብድሩን በየትኛው ዓምድ ልንመዘግበው ነበር?

ለዚህ ነገር ብርሃን የሰጠን አሜሪካዊቷ የኮምፒዩተር ሊቅ ባርባራ ሊስኮቭ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሰሙት ንግግር፣ ኋላም በ1994 ከጃኔት ዊንግ ጋር የጻፉት ጽሑፍ ነው። ሐሳባቸው በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ አባት በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ልጅ ቢቆም ጠሪው መታለል የለበትም። ልጁ አባቱ ከጠየቀው በላይ መጠየቅ አይችልም፤ አባቱ ከሰጠው ቃልም ያነሰ መስጠት አይችልም። አሠራሩን እንደፈቀደ ይቀይር፤ ያፋጥን፣ ያሳምር፣ ከሥር ያፍርስና እንደገና ይገንባ። ቃሉን ግን አያጉድል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሊስኮቭ ልጁ ለአባቱ ታማኝ ይሁን አላሉም። አባቱ በነገሩ ውስጥ እምብዛም የለም። ዕዳው ለሦስተኛው ወገን ነው፤ አባቱን አምኖ ስሙን ለሚጠራው፣ ከስሙ ጀርባ አሁን የቆመው አባት ይሁን ልጅ ለማያውቀው። እኛ ስንከራከር የኖርነው በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ አባትና ልጅ፣ አሮጌና አዲስ፣ ባህልና ሥልጣኔ። በግራናው ነገር ግን አባትየው የሉም፤ ከሞቱ ቆይተዋል፣ በመሻራችንም አይቀየሙም። ልጅዬው፣ ማለትም ያ ኮዳችን፣ ስሜት የለውም። የተጎዳችው በክርክራችን ውስጥ ስሟ ያልተነሣ ሦስተኛ ሰው ናት። ዓመትን ለ12 ካካፈለው ፕሮግራመኛ የምንለየውም በዚህ ነው፤ እሱን ማንም ቃል አልገባለትም ነበር፣ ለእማማ ግን ተገብቶላቸው ነበር፣ በልጅነታቸውም ያውቁት ነበር።

ቋንቋዎቹ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ የተለያየ ጠባይ አላቸው፤ እንደየቤቱ አስተዳደግ። የውርስ ሐሳብ የተወለደው ኦስሎ ነው፤ ኦሌ ዮሐን ዳልና ክሪስተን ኒጎር የሚባሉ ኖርዌያውያን ሲሙላ 67 በተባለው ቋንቋቸው አመጡት። በሲሙላ፣ ኋላም በሲ ፕላስ ፕላስ፣ አባትየው አስቀድሞ «ይህ ሥራዬ ይሻር» ብሎ ካላመለከተ በቀር የልጁ መሻር ሙሉ በሙሉ አይጸናም። ጃቫ በተቃራኒው ነው፤ አባት «የመጨረሻ» ብሎ ካላተመበት ሁሉም ይሻራል። ፓይተን የሚከለክለው ነገር እምብዛም ነው፤ ልጆቹን በመንደሩ ለቆ የሚያሳድግ ቤት ነው። ሲ ሻርፕ ደግሞ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ አባት እንዲፈቅድ፣ ልጅም እየሻረ መሆኑን በአፉ እንዲናገር። ከሁሉም ይህኛው የሽማግሌ ጠባይ አለው። ሆኖም አንዳቸውም ሦስተኛውን ሰው አይጠይቁም። የሚገርመው ግን ከአባቶቹ አንዱ ኒጎር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተቀምጠው፣ ኮምፒዩተር ፋብሪካ ሲገባ የሠራተኛው ነገር እንዴት እንደሚሆን አብረው የመረመሩ ሰው መሆናቸው ነው። ሰውየው የሚነካውን ሕዝብ ሄደው ጠየቁ። እኛ የሳቸውን መሣሪያ ወረስን፤ ያንን ልማዳቸውን ግን አልወረስንም።

መሻርን በትልቁ ያየች አገር ነን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በቁጥር 3347 ላይ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ቀድሞ የነበሩት ደንቦች፣ የተጻፉም ይሁኑ የልማድ፣ በግልጽ ካልተጠበቁ በቀር ተሽረዋል ይላል። አንድ ቁጥር፣ በአንድ እስትንፋስ፣ የስንቱን ሸለቆ ልማድ! ነገር ግን ሕጉ ሻርኩት ያለውን ሥራ ሕዝቡ መጥራቱን አልተወም። በወሎ ማዕረጉ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አበጋር የሚባል ሸምጋይ አለ፤ ደም የተቃባ፣ ወሰን የተገፋፋ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ወደ እሱ ይሄዳል። ከ3347 በኋላም ሄደ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ ሊታይ እንደሚችል ሲያስቀምጥ፣ ለኛ እንደሚመስለን፣ በከፊል ያንን አለመተው ነው ያመነው። ከላይ የሻረ ሰው ከታች ያለው ሁሉ የሚጠራው ስም አብሮ የተሻረ ይመስለዋል።

ነገር ግን ይኸ ሁሉ «ቃል አይጉደል» አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው፤ እኛም ብንሸፍነው አያምርብንም። ቃሉ ራሱ ግፍ ቢሆንስ? «የተመዘገበ ሁሉ ይደርሰዋል» አልን። ማን ነው የተመዘገበው? በአባቶች ጊዜ የተመዘገበው አባወራው ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት በልጇ ወይም በወንድሟ ስም ካልሆነ በራሷ ተራ አልነበራትም። እማማ ዛሬ በስማቸው 18ኛ ሆነው መቆማቸው አንድ ሰው የሆነ ቀን ያንን ስለቀየረ ነው። ያ ሰው ቃሉን ቢጠብቅ ኖሮ እኛ የምንዘልለው ሰው እንኳ አይኖርም ነበር።

በዚህ ላይ ብዙ ተነታርከናል። የደረስንበት ይህ ነው፦ ግፍ ያለበትን ቃል በልጁ ላይ በጓሮ በኩል መሻር አይበቃም፤ ሄዶ አባቱን መቀየር ነው። የ1957ቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ጭሰኝነት በስሙ እንዳለ ሆኖ በውስጡ ትንሽ ይሻሻል አላሉም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውም ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ጭሰኝነትን የሚያሳምር ልጅ ክላስ አልጻፈም፤ ሥሩን ነቀለው። ዐዋጁን ተከትሎ የመጣው ሁሉ ደግ ነበር የሚል ከመካከላችን የለም። መሻሩ ግን በአደባባይ፣ በስሙ ተጠርቶ የተደረገ ነበር፤ ባለ መሬቱም ጭሰኛውም በማግስቱ ምን እንደተሻረ ያውቁ ነበር። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የሚስት ስምና ፎቶ ከባሏ ጎን ሲወጣም የተነካው መዝገቡ ራሱ ነው። ይህ ካልተቻለ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ዝምድናውን ትቶ በራስ ስም መውጣት። እኛ ወረቀታችንን «የውሃ ተራ» ሳንል «የአራት ተማሪ ምክር» ብለነው ቢሆን ኖሮ ያ ወጣት ረዳት ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር። ነውሩ ስሙን ይዞ ቃሉን መቀየር ላይ ነው። አባቱን አክብሮ በቃሉ የሚኖር ነውር የለበትም፤ «አባቴ ተሳስቷል» ብሎ በአደባባይ የሚለይም ነውር የለበትም። አባቱን መስሎ ገብቶ ሌላ የሚሠራው ነው የሚያስፈራው፤ እኛም የሠራነው ያንን ነው።

አሁን ወደ ውሃ አባት እንመለስ፤ እሳቸው ራሳቸው የአባታቸውን ሥራ የሻሩ ሰው ናቸው። ቦዩ ዳር ተቀምጠን ጠየቅናቸው።

«አባቴ፣ እርስዎ ከአባትዎ ሥራ የቀየሩት የለም?»

«እንዴት አይኖርም!» አሉ ሳቅ ብለው። «በአባቴ ጊዜ ዕጣው ሌሊት የወጣበት ሁሉ ሌሊት ያጠጣ ነበር። ብቻዋን ያለች ሴትም ብትሆን፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌም ቢሆን። ጅብ አለ፣ ሌባ አለ፣ ብርዱ አለ። እኔ ይህን ቀየርኩ።»

«እንዴት አድርገው?»

«መጀመሪያ አባቴ እንዳደረገው ዕጣውን እጥላለሁ። እሱን አልነካም። ዕጣው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ሌሊት የወጣባትን ሴት ቀን ከደረሰው ጎረምሳ ጋር አለዋውጣለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም ቦይ ዳር ሰብስቤ ነው የተናገርኩት። ጎረምሶቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ ስድስት ወር አላናገረኝም። ግን 18 ገባ፣ 18 ወጣ።»

እርስ በርሳችን ተያየን። በፕሮግራም ቋንቋ ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ልጅ የአባቱን ሥራ ሲሽር በመጀመሪያው መስመር ላይ «ሱፐር» ብሎ አባቱን ይጠራል። አባቱ ሥራውን ይሠራል፣ ልጁ በዚያ ላይ የራሱን ይጨምራል። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ጽፈውልን ነበር፤ ለፈተናም አጥንተነዋል። ሰውየው ፊደል የቆጠሩት በልጅነታቸው ለአጭር ጊዜ ነው። ሁልጊዜ ሱፐርን መጥራት ግድ ነው ማለታችን አይደለም፤ አንዳንዱ አባት ባይጠራ ይሻላል። እኛ ግን አባቱን ሳንጠራ የሻርነው አስበንበት አልነበረም፤ ዙሩ 7 ሲሆን ቁጥሩ አምሮብን ነው።

ግቢ ስንመለስ «የበጋተራ»ን እንደገና ጻፍነው። አሁን መጀመሪያ የአባቱን «ቀጣይ» ይጠራል። ከዚያ ቀጥሎ የሚለዋወጡትን ያለዋውጣል። ባዶ ማሳ ያለው ሰው ከዙሩ አይወጣም፤ የሚወጣው ራሱ ሄዶ «ዘንድሮ ይለፈኝ» ካለ፣ ወይም «ለእገሌ አበድሬያለሁ» ካለ ብቻ ነው። ይህን የሚመዘግበው ሰው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። በመጨረሻም ዝርዝሩ ከመታተሙ በፊት ራሱን የሚቆጥር መስመር ጨመርን፤ የገባውና የወጣው እኩል ካልሆነ አይታተምም። ዙሩ ወደ 9 ቀን ተመለሰ። ውጤታችንን ማንም አላሻሻለልንም፤ ትምህርቱ አልቆ ነበርና።

ለእማማ ከኪሳችን አዋጥተን የችግኝ መግዣ ወሰድንላቸው። ገንዘቡን አልተቀበሉም። ችግኝ ከጎረቤት ተበድረዋል፤ በውሃ ነው የሚመልሱት። የተዛወረውን አራት ፈር አሳዩን። ከመካከላችን ያ ጓደኛችን እስከ ዛሬ «ዙሩ 8 ሊሆን ይችል ነበር» ይላል፤ ምናልባትም ይችል ይሆናል፤ በሚመጣው በጋ ቦይ ዳር ቆሞ ለ18ቱ ራሱ ሊነግራቸው ቀጠሮ ይዟል። ባለፈው በላክነው ዝርዝር እማማ አምስተኛ ነበሩ። ዕጣው ማክሰኞ ሌሊት አወጣቸው፣ ተለዋውጠው ረቡዕ ጧት ሆነላቸው።